የትንሿ ፍሪጅ ቱቦ

"የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ፤ ከገባ የገንዳውን ውሃ ወደ ፍሪጁ ይስበዋል" አላት ባሏ። በማግስቱ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሊተኛ ነው። ትንሿ ፍሪጅ የዓሦቹን ምግብ ታቀዘቅዛለች፤ ፓምፑ ደግሞ በሰዓቱ እየሳበ ኮራል የሚባሉት የባሕር ፍጥረታት ወዳሉበት የዓሣ ገንዳ ያንጠባጥባል። የምግቡን ጠርሙስ እስከ አፍ ጢሙ ሞልቶታል።

"ሁለት ቀን ነው አላልክም እንዴ? ለሁለት ቀን ይሄ ሁሉ ጣጣ?" ልትስቅ ሞከረች። እሱ አልሳቀም። ያንን ገንዳ ልጁን እንኳ አስነክቶ አያውቅም፤ አሁን ግን እጆቹን ኪሱ ከትቶ እሷ ቱቦውን እስክትገጥመው ቆሞ ጠበቀ። ገጠመችው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ዓሦቹ ተሻሙባት።

"ገባሽ አይደል?" አላት ቀስ ብሎ።

ሁሉም ገብቷት ነበር። ቱቦውን ነቀለችና እጁን ከኪሱ አውጥታ አስጨበጠችው።

"ምንም አልገባኝም። ስትመለስ እንደገና ታሳየኛለህ።"