አድነው በባሉን የወጣ ዕለት

አድነው ሰው ሲንቅ አይጮህም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በፈረንጆቹ 2006 ነሐሴ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስቶክሆልም ያርዴት ሜዳ ላይ ከነቤተሰቡ ቆሞ ድምፁ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም ነበር።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ ጨርቅ ሲነፋ ለማየት ነው የወጣው?»

ሚስቱ ሸዋሉል አጠገቡ ቆማለች። ቲኬቱን በሁለት እጇ ይዛለች። አምሳ ዓመት ስለሞላው የገዛችለት የባሉን ጉዞ ነው፤ ሰው በቅርጫት ይዞ በሚንሳፈፍ ትልቅ የአየር ፊኛ፣ ለአንድ ሰው ብቻ።

ስጦታው አስገርሞታል። ሸዋሉል አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ሴት ናት። ስዊድንኛዋን እንግዳ ፊት ሳይቀር «እንጨት ፈለጣ» ይለዋል። እሱ ገና በተማሪነቱ መጥቶ መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ስደተኛ የሚበዛበት ቮርቢ ጎርድ ሰፈር የሚኖረውም «ለጊዜው» ነው። ጊዜው አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። የቤቱን ወረቀት ሁሉ፣ የልጆቹን ፓስፖርት ጭምር፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የሚይዘው እሱ ነው። «እናንተ ትጥሉታላችሁ» ይላል።

ዛሬ የከነከነው ግን ሌላ ነው፤ የሚስቱ ወንድም፣ ተክለ ማርያም።

ተክለ ማርያም በሱዳን በኩል ተሰድዶ የመጣ፣ ሜርስታ ከተማ የሚኖር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩ አላቋረጠም። አድነው ክፍሉ ውስጥ ብቅ ሲል ሸዋሉል ትዘጋዋለች። ዛሬም ሳይጠራ መጣ፤ ያውም ትልቅ የዕቃ መኪና ተውሶ።

«የት ልትዘምት ነው?» አለው አድነው።

«የእኔዋ ተበላሽታ ነው ጋሼ። ደግሞ ባሉኑን በመኪና ተከትለን፣ እርስዎ ሲያርፉ እናነሣዎታለን።»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ሰውየው ቤቱን ለቋል፤ ኮተቱን ጭኖ እነሱ ሳሎን ጠቅልሎ ሊገባ ነው። ቲኬቱም መደለያ ነው። ሆዱ ሲራራላት፣ «ወንድሜን አስጠጋልኝ» ልትለው። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ለአንዱ በር ከከፈትክ ዘመዱ ሁሉ ተከትሎ ይገባል።

«ስማ፣» አለው፣ «እኔ ቤት ሶፋ ለመቀመጫ ነው።»

ተክለ ማርያም አቀረቀረ። «አውቃለሁ ጋሼ።»

ትልቋ ልጁ ሩታ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላለች። ለሽርሽር ቦርሳ ምን ይሠራል ብሎ ቢጠይቃት በስዊድንኛ «ምንም» አለችው፤ ዓይኑን ግን አላየችውም። አሥራ አራት ዓመት እንግዲህ የመኮራረፊያ ዕድሜ ነው ብሎ ተዋት። ታናሿ ዲቦራ ደግሞ ከወትሮዋ ውጭ እጁን ጨብጣ አልለቅም አለች።

«ፓፓ፣ ከላይ ሆነህ ታየኛለህ?»

«ከላይ ሲታይ ሁሉም ጉንዳን ነው።»

ሸዋሉል ወደ አብራሪዋ ጠጋ አለች። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ያህል» አለች አብራሪዋ፣ ገመድ እየፈታች።

«መሀል ላይ ልውረድ ቢልስ?»

«አይቻልም። ሰፊ ሜዳ እስካገኝ አላሳርፍም።»

«የት ነው የምታሳርፊው?»

አብራሪዋ ሳቀች። «እሱን ነፋሱን ጠይቂ።»

አድነው አፈረባት። «ምን እንደ ፖሊስ ትመረምሪያታለሽ? ከፈራሽ ቤትሽ ሂጂ።»

«ስልክህንና ቁልፎችህን ስጠኝ» አለችው። «ከላይ ወድቀው ሰው እንዳይጎዱ።»

ለአንዴ እንኳ አእምሮ ያለው ነገር ተናገረች ብሎ ሰጣት። ጉንጩን ሳመችው። መደለሉ ቀጠለ፣ አለ በሆዱ።

ባሉኑ ከመሬት ሲላቀቅ ሕዝቡ አጨበጨበ። አድነው ቤተሰቡን ቁልቁል ፈለገ። የዕቃ መኪናው ሜዳውን ለቅቆ እየወጣ ነው። ባሉኑ ገና ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ምኑን ነው የሚከተለው ይሄ ደደብ?

ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነበር። ውሃው፣ ድልድዮቹ፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ ጫፍ ከሥራቸው ቀስ ብለው አለፉ። ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊና ሚስቱ አጠገቡ ነበሩ። ሞቃት አየር ለምን እንደሚነሣ ሳይጠይቁት አስረዳቸው። እነሱ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ሲያዞሩ፣ እሱ ማታ ለሸዋሉል የሚላትን ያዘጋጅ ጀመር። «አይሆንም» ይላታል። ምክንያት አይሰጣትም፤ ብትሰማም አይገባትም።

ሰዓቱ ሊሞላ ሲል የቮርቢ ጎርድ ፎቆች ታዩ። አብራሪዋ ማረፊያ ሜዳ ለመፈለግ ባሉኑን ዝቅ አደረገችው። ከላይ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አድነው የራሱን ለመለየት እንኳ አልሞከረም። ከአንደኛው በር ላይ ግን ሰዎች እየተሯሯጡ ዕቃ ይጭናሉ። ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ የልጅ ብስክሌት።

«እዩአቸው» አላቸው ሽማግሌዎቹን። «እሑድን እንኳ አያርፉም። ዛሬ ይገባሉ፣ ነገ ይወጣሉ፤ ሥር የላቸውም።»

«ምናልባት የተሻለ ቤት አግኝተው ይሆናል» አለች አሮጊቷ።

«እነዚህ?» አለ አድነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አብራሪዋ እሳቱን ዘጋችው። ባሉን ላይ እሳቱ ሲዘጋ ዝምታው ሌላ ነው፤ ምድር ላይ ውሻ ሲጮህ፣ በር ሲዘጋ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። በዚያ ዝምታ መሀል አንዲት ሴት በአማርኛ ስትጣራ ሰማ።

«ተክሌ፣ ቶሎ በል፣ ሳያርፍ!»