የደምሰው ሜክሲኮ

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዱካሞና ሚስቱ ኤርጎጌ ከጆሃንስበርግ ዳርቻ ከቶኮዛ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ደምሰው ምግብ ቤት ደረሱ። በኮሮና ተከልክሎ የነበረው ቁጭ ብሎ መብላት ከተፈቀደ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። ኤርጎጌ ልጇን ፊቤን አዝላለች፤ በእጇ አንድ ትልቅ የሸራ ሻንጣ ይዛለች።

ደምሰው በሩ ላይ ሳኒታይዘር እየረጨ ተቀበላቸው። ሻንጣውን አየና ሳቀ።

«ምሳ ነው የጠራኋችሁ! ቤት ለቃችሁ መጣችሁ እንዴ?»

«የልጅ ዕቃ ነው፣ ጋሽ ደምሰው» አለች ኤርጎጌ።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት ጠረጴዛ አለ። ሰው ያለበት አንዱ ነው። እዚያ ወንጌላዊ አምሃ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ይጠብቃሉ። ጆሃንስበርግ ያሉ ያገር ልጆች ሱቅ ሲለዋወጡ የሚፈራረሙት እንዲህ ሽማግሌ ፊት ነው። ሽማግሌ ፊት ፈርሞ ቃሉን ያጠፈ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶ እንኳ የሚደርስለት አያገኝም።

የዛሬው ውል አጭር ነው። ዱካሞ የቶኮዛውን ሱቅ ለደምሰው ይሰጣል፤ ደምሰው ምግብ ቤቱን ለዱካሞ። ሱቁ የዱካሞ የስምንት ዓመት ልፋት ነው። የሚተኙትም ከመደርደሪያው ጀርባ ነው። ከዚያ ሌላ ምንም የላቸውም።

«ሰው ላድርግህ ብዬ ነው እንጂ» አለ ደምሰው፣ «ይሄን ቤት ስንቱ ለምኖኛል መሰለህ።»

የለመነው አልነበረም። ኮሮና ከገባ ወዲህ ምግብ ቤቶች በራቸውን ዘግተው ሲከርሙ፣ ሎኬሽን በሚባሉት የድሃ ሰፈሮች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ግን አንድ ቀን አልተዘጉም። ደምሰው ይህን ያውቃል። ዱካሞ የሚያውቅ አይመስለውም።

ማስካቸውን ሲያወርዱ ደምሰው አፍንጫውን ነፍቶ አሸተተ።

«ምንድነው ጭስ ጭስ የሚለው? እናንተ ሰፈር ልብስ የሚታጠበው በፓራፊን ነው እንዴ?»

«ክረምት ነው፤ በላምባ ነው የምንሞቀው» አለች ኤርጎጌ።

«የአንተስ ዓይን ምነው ደም መሰለ? ቃሪያው ገና መቼ መጣ!»

ዱካሞ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

አስተናጋጁ ሜኑ አመጣ። ግማሹ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ደምሰው ከእጃቸው ቀምቶ ራሱ አዘዘ።

«ይሄ እውነተኛ የሜክሲኮ ምግብ ነው። እንደ ሞል ውስጡ የውሸት አይደለም። ኤርጎጌ፣ ለመሆኑ ሜክሲኮ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አዲስ አበባ። በታክሲ አልፌበታለሁ።»

ደምሰው እስኪያስለው ሳቀ። «አደባባዩን እኮ ነው የምትለው! ወንጌላዊ፣ ሰሙልኝ? ከስድስተኛ ክፍል አቁመሽ የለ፣ ምን ይፈረድብሻል!»

ምግቡ መጣ። የበቆሎ ቂጣ፣ የተፈጨ ባቄላ፣ ቃሪያ በቲማቲም። ኤርጎጌ ዱራሜ እያለች ጠዋት ጠዋት የምትበላው ነው። ደምሰው የቂጣውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገማት።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አየችውና ደፋችው።

«ማን ነው?» አለ ደምሰው።

«የግቢያችን ባለቤት፣ ጎጎ ናት።»

«አታነሺላትም?»

«እየበላን አይደል።»

የፊቤን ወተት ለማሞቅ ወደ ማብሰያ ክፍሉ ገባች። ቆየች። ስትመለስ ደምሰው ጠቀሳት።

«ገረመሽ አይደል?»

«ምድጃው ትልቅ ነው» አለች።

ማቀዝቀዣዎቹ እንደማይሠሩ፣ ከበሩ ጀርባ ቀይ ማኅተም ያለበት የዕዳ ማስጠንቀቂያ እንደተለጠፈ አልተናገረችም። ሄዳ ባሏ አጠገብ ተቀመጠችና «ፈርም» አለችው።

ደምሰው የውሉን ወረቀት አወጣ። ራሱ የጻፈው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ሁለታችንም ቤቶቹን ዛሬ ባሉበት ሁኔታ ተረክበናል። ከፊርማ በኋላ የተገኘ ጉድለት ቢኖር የሚጠይቅም የሚጠየቅም የለም።»

ወንጌላዊ አምሃ ቂጣቸውን አስቀመጡ። «ደምሰው፣ ሱቁን ሳታይ ልትፈርም ነው?»

«ቅዳሜ አይቻለሁ፣ ወንጌላዊ። ለዚያ አቧራ ሁለት ጊዜ ጫማዬን አላቆሽሽም።»

ዱካሞ እስክሪብቶውን ያዘ። መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሽ ደምሰው፣ ሱቁ እኮ…»

ኤርጎጌ ቂጣውን ባቄላ ሞልታ ጠቀለለችና አፉ ውስጥ ከተተችለት። ትልቅ ጉርሻ ነበር። ዱካሞ ጉንጩ ተወጥሮ ማላመጥ ጀመረ።

«ሜክሲኮ ቤት ውስጥ ጉርሻ!» ደምሰው ጠረጴዛውን መታ። «ገበሬ የትም ቢሄድ ገበሬ ነው። የሚበላው ሸሽቶ የሚያመልጥ መስሏት ነው።»

«አንድ ያጣላል» አለች ኤርጎጌ፣ ሁለተኛውን እያጎረሰች።

ዱካሞ ዋጠ። ሚስቱ ጭን ላይ የተኛችውን ፊቤን አየ። ከዚያ ፈረመ። ደምሰውም ፈረመ። ወንጌላዊ አምሃ ስማቸውን ጽፈው ጸለዩ፤ ሁሉም አሜን አሉ።

ኤርጎጌ የሱቁን ቁልፎች ከጡቷ ሥር አውጥታ ለደምሰው ሰጠች። ደምሰው ጣቶቹን አየና ፊቱን አኮሳተረ።

«ቁልፍ እንኳ አይታጠብም? ጥላሸት ብቻ!» በናፕኪን ጠቀለለው። «አሁኑኑ ሄጄ እረከባለሁ። እናንተ በዚያ በኩል ድርሽ እንዳትሉ። ከዚያ ቤት አንዲት ክብሪት እንዳትወጣ!»

«አንመጣም» አለች ኤርጎጌ።

የምግብ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። መኪናው ሲነሳ ተሰማ። ወንጌላዊ አምሃ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ዱካሞ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

የኤርጎጌ ስልክ እንደገና ተንቀጠቀጠ። አሁን አነሳችው።

«አይ ጎጎ» አለች ከደንበኞቿ በለቀመችው የዙሉ ቋንቋ፣ «የሱቁ እሳት ከጠፋ ይተዉት፤ አመዱንም አይጥረጉ። ባለቤቱ እየመጣ ነው።»