ለሰኞ የሚፈርስ ግድግዳ

የላይኛውን ረድፍ በመሮና በመዶሻ እየነቀልኩ ነው። አልለቅ ብሎኛል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሌላ ጊዜ ሲሚንቶውን አሳስቼ ስለማቦካው ብሎኬቱ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ይለቅ ነበር፤ የእርዳታ ድርጅቱ አስተባባሪ የሚወድልኝም ይሄንኑ ነው። ዘንድሮ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደህና አድርጌ አቦካሁት።

ምን እንደነካኝማ አውቃለሁ። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። እዚህ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል የለም፤ ስድስተኛን የጨረሰ ልጅ ወይ ከተማ ዘመድ ይኖረዋል፣ ወይ ቤቱ ይቀመጣል። እኛ ከተማ ዘመድ የለንም። የትምህርት ቢሮው ሰው ወሩ ሳያልቅ አንድ ክፍል ጣሪያ ለብሶ ካየሁ የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ እልካለሁ ብሏል። ወሩ ሊያልቅ አስር ቀን ቀርቶታል። ቆርቆሮው ደግሞ ተገዝቶ መጋዘን ከገባ ይኸው ሦስት ዓመቱ።

ክፍሉን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኛ የውጭ ወጣቶች ናቸው። ድርጅቱ ከየአገሩ ሰብስቦ ያመጣቸዋል፤ ሁለት ሁለት ሳምንት እየቆዩ ግድግዳ ይገነባሉ፣ ከልጆቻችን ጋር ኳስ ይጫወታሉ፣ ሲሄዱ ያለቅሳሉ። አልጠላቸውም። አንዱማ ብሎኬት አውራ ጣቱ ላይ ወድቆበት ይቅርታ የጠየቀው ብሎኬቱን ነው። ያጣመሙትን ምሳ ሲሄዱ አቃናላቸዋለሁ። ሲሸኙ ደግሞ አፈርሰዋለሁ፤ የሚቀጥሉትም ከመሠረት መጀመር አለባቸዋ። ይሄ አምስተኛዬ ነው። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው እንግዶቹ አጣመው እንደሚገነቡና ልጆች ላይ እንዳይወድቅ እንደሚፈርስ ብቻ ነው።

አምና ከመጡት አንዷ የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ተመልሳ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። አገሯ ገብታ ጻፈችው። እዚያ ማዶ ጋዜጣው ሁሉ ተንጫጫ አሉ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጥተው ከአስተባባሪውና ከእኔ ጋር በር ዘግተው ተሰበሰቡ፤ በጣም እንዳዘኑ ነገሩንና ሄዱ። እኔ ሞኙ አሁንስ ጣሪያው ሊወጣ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ስብሰባ ያተረፍነው ይሄን ሸራ ነው። ሳፈርስ እንዳልታይ ዙሪያውን ይወጠርልኛል። ጥላ ስለሆነኝ አላማርርም።

ዛሬ ጠዋት አስተባባሪውን ለመንኩት። በዚሁ ድርጅት ክበብ ውስጥ ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም። ይሄኛው ይቅርና ሰኞ የሚመጡት ከጎኑ ሌላ ይጀምሩ አልኩት። ፈቃዱ ለአንድ ክፍል ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝ። ስልኩን አውጥቶም የሰኞን ፕሮግራም አሳየኝ፤ የመሠረት ድንጋይ ማኖር ይላል።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ካለቀ እኮ የሚመጣ የለም» አለኝ። «እነሱ ካልመጡ ሐኪሙም አይመጣም፣ ደብተሩም አይመጣም። እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለዎት? እርስዎ እምቢ ካሉ ሌላ ግንበኛ ነው የማመጣው።»

ሄጄ መሮዬን አነሳሁ።

ሦስተኛውን ብሎኬት ሳወርድ ሸራው ይገለጣል። ልጄ ናት። በእጇ ሜትር ይዛለች። አስተማሪዋ ልካት ነው፤ አዲሱ ክፍል ስንት ዴስክ እንደሚይዝ ለክታ እንድትነግራት።

መጀመሪያ እኔን ታያለች፣ ከዚያ እግሬ ሥር ያሉትን ብሎኬቶች።

«ጠሞ ነው» እላታለሁ፣ ሳትጠይቀኝ።

ሜትሩን መሬት ታስቀምጥና ከዕቃ ሳጥኔ ቱምቢውን ታወጣለች። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር ነው፤ አያያዙን ገና በስድስት ዓመቷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በእግር ጣቷ ቆማ ክሩን ከግድግዳው አናት ወደ ታች ትለቀዋለች። ብረቱ ትንሽ ይወዛወዝና ይረጋል። ጎንበስ ብላ ታየዋለች። በክሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሠርቼ አላውቅም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አባዬ፣ ሰባተኛ ክፍል አልገባም ማለት ነው?»

ልነግራት እፈልጋለሁ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ሰኞ። እንኳን ለእሷ ለራሴም አልዋጥ ያለኝን ከየት ልጀምርላት? አፌ የለመደውን ይናገራል።

«ጠሞ ነው አልኩሽ እኮ።»

ቀና ብላ ታየኛለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክሩን ልክ እንዳሳየኋት አድርጋ ብረቱ ላይ ትጠቀልለዋለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ቦታው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሜትሩን ሳትዘረጋው አንስታ ትወጣለች።

ከሸራው ማዶ የአስተማሪዋ ድምፅ ይሰማኛል። ስንት ዴስክ ይይዛል ብላ ትጠይቃታለች።

«ግድግዳው ጠሟል» ትላለች ልጄ። «አባቴ በቱምቢ ለክቶ አሳየኝ።»

ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ስትዋሽ ቁርጥ እኔን ነው የምትመስለው።