«በእኛ ዘር በሽታ የለም!» ያለው አባት

«በእኛ ዘር በሽታ የለም!»

አባታችን የሐኪሙን ጠረጴዛ በመዳፉ መታው…

ፍኖተ ሰላም፣ አንዲት ጠባብ የምርመራ ክፍል ውስጥ ነን። እህቴ ታንጉት ሆዷን ይዛ አግዳሚው ላይ ተኮራምታለች።

አንጀቷ እየቆሰለ ደም ሲያስቀምጣት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ያልወሰደችው መድኃኒት የለም…

ሐኪሙ አልተቆጡም።

«አባት፣ ልሰድብዎት ብዬ አይደለም። ይህ በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ ከዘረመል ጋር ይያያዛል። ያንን ዘረመል ለይቶ የሚያነጣጥር መድኃኒት እየተጠና ነው። ያድናታል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ጥናቱ የሚቀበላት ከቤተሰቡ ሌላ ታማሚ ተገኝቶ ከሁለቱም ደም ሲወሰድ ነው። ምዝገባው ደግሞ ዓርብ ይዘጋል።»

«የለም አልኩ እኮ! አምናም ጠይቃችሁኝ የለም ብያለሁ!»

ለምን እንደሚቆጣ ገብቶኛል። ወንድማችን ጋሹ በጥር ሊያገባ ነው። የልጅቱ ቤተሰቦች የቡሬ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ልከው ሰባት ቤት ዘር እያስጠየቁ ነው። «ደማቸው ውስጥ በሽታ አለ» ከተባለ… ሠርጉ ቀረ።

ታንጉት ቀና አለች።

«አባየ… እኔስ ዘርህ አይደለሁም?»

አባየ ፊቱን አዞረባት።

ይኼኔ ከታንጉት ጎን የተቀመጠችው እናታችን ብድግ አለች። ሰው ፊት ባሏን ተናግራው አታውቅም።

«ገብረሰንበት! አገሩ ጾመኛ እያለ ሲያመሰግንህ እውነት መሰለህ? ድግስ ላይ የማትቀምሰው ለጽድቅ ነው? ስለሚያምህ ነው እንጂ! ደም የነካ ሱሪህን ከሰው ተደብቄ ወንዝ ወርጄ ሳጥብ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው!»



አባየ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱን ዘረጋ።

ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ስሜን ግን እንዳትጽፉት።»

ሐኪሙ ትክ ብለው አዩት።

«ድሮስ መች ስም ይጻፋል አባት? በቁጥር ነው እኮ። አምና ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

አምና!

እህቴ አንድ ዓመት ሙሉ የደማችው ማንም ለማይጽፈው ስም ነው!

ወገኖቼ፣ መታመም ነውር አይደለም። ነውሩ የራስን ስም ለማሳመር ብሎ ልጅ ስትመነምን ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

እናንተ በእናቴ ቦታ ብትሆኑ መቼ ትናገሩ ነበር? አሥራ አንድ ዓመት ዝም በማለቷስ ትወቅሷታላችሁ? ሳትፈሩ ጻፉልኝ…