ጽዋው የሚገባበት ቤት

ያኔ በማረሚያ ቤት አንድ አዛውንት ለሌላ እስረኛ፣ «መውጣቱስ ይወጣል፤ የጎረቤት ደጅ እንዴት ይረገጣል?» ሲሉ ኪሩቤል ሰምቶ ነበር። መልሱን ረስቶታል።

አሁን ሸዋ በር አጠገብ፣ በእናቱ ቤት፣ የወሩ የሚካኤል ማኅበር ጸሎቱ አብቅቶ ሊበተን ሲል፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ለቀጣይዋ ባለተራ ሊያስረክብ ታቅፎ ቆመ። ባለተራዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ ነበሩ፤ እሱ የታሰረው ልጃቸውን በባጃጅ ገጭቶ በመግደሉ ነው። ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ጽዋውን ቢያስቀምጠው ነውር፣ ይዞት ቢቆይ ጭንቅ ሆነበት።

«ኧረ የልጁ ክንድ ዛለ» አሉ አንዲት ባልቴት።

«ሙሉነሽ፣ ካልሆነልሽ ለሌላ እናሳልፈው» አሉ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ጽዋውን ሳይሆን ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ተራዬንማ ለማንም አልሰጥ» አሉ። «ዳገቱን ግን ይዤው መውጣት አልችልም። አንተ ተሸክመህ እቤቴ አስገባልኝ።»