ሁለተኛው ጉርሻ

ቲጂ ቾፕስቲክ የሚሉትን የመብያ እንጨት እንደ እርሳስ ጨብጣ ሮዝ ቀለም ያለውን የዓሣ ቁራጭ ታሳድደዋለች። ቁራጩ ከሳህኑ ጥግ ወደ ጥግ ይሸሻታል። ጓደኛዋ ፈዲላ ሳቋን በመዳፏ አፍናለች።

«በእጅሽ አንሺው ባክሽ! ማን ያይሻል?»

«እሳቸው ያዩኛላ!»

ባንኮኒው ጋ የጃፓን ምግብ ቤቱ ሼፍ ጋሽ በዳሳ ዓሣ ይቆርጣሉ። ሰኞ ዕለት ቲጂ በሩ ላይ «ጀማሪ ዓሣ ቆራጭ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አይታ ስትገባ፣ «መጀመሪያ መጥተሽ ብዪ። የቀረበልሽን ሁሉ ሳትተፊ ከጨረስሽ እናወራለን» ነበር ያሏት። የፈተናው ቀን ዛሬ ነው። የካ አባዶ፣ አባቷ ሥጋ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ጎድን ስትቆርጥ ኖራለች፤ እጇ ቢላ ያውቃል። ዓሣ ግን፣ ያውም ጥሬውን፣ በሕልሟም ቀምሳ አታውቅም። ይህን ሥራ ደግሞ ነፍሷ እስኪወጣ ትፈልገዋለች።

«ጥሬ ሥጋ ስትቆርጪ ኖረሽ ጥሬ ዓሣ ትፈሪያለሽ?» ትላለች ፈዲላ።

እውነቷን ነው። ቲጂ ቾፕስቲኩን ትታ ቁራጩን በጣቷ ታነሳለች። ሳህኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር ተቆልሏል። አባቷ ቤት ጥሬ ያለ ማባያ አይበላም፤ ማባያም ተቆጥቦ አያውቅም። አረንጓዴውን በቁራጩ ጥርግ አድርጋ ትጎርሰዋለች።

እሳቱ በአፍንጫዋ ወጥቶ አናቷን ይመታታል። ዕንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

«ትፊው! ቲጂዬ፣ ትፊው!» ፈዲላ ሶፍት ትዘረጋላታለች።

ቲጂ ጠረጴዛውን በቡጢ ትደበድባለች እንጂ አፏን አትከፍትም። ከእሳቱ ኋላ ዓሣው ይመጣል፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል። ትውጠዋለች።

«ሰናፍጭ ነው! የጃፓን ሰናፍጭ! ወይኔ ሲጣፍጥ!»

ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት ጠፋ። የዓሣ እንቁላሉ ጥርሷ ላይ ሲፈነዳ እንደ ልጅ ትስቃለች። ፈዲላ «እኔን በአላህ ተዪኝ» ያለችውን የኦክቶፐስ እግር ሳይቀር አላምጣ ትጨርሳለች። ቀና ስትል ጋሽ በዳሳ ቢላቸውን አስቀምጠው ያዩዋታል።

«ያን ሁሉ አረንጓዴ ዋሳቢ ጎርሶ ያልተፋ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ይላሉ።

«እኛ ቤት የጎረሱትን መትፋት ነውር ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ በዳሳ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ከያዙት ዓሣ ቆርጠው፣ ሩዝ ላይ አድርገው፣ በጣታቸው እንደያዙ እጃቸውን በባንኮኒው ላይ ይዘረጋሉ። ቲጂ ወንበሯን ገልብጣ ትሮጣለች። ጎርሳ ምስጋናዋን ሳትጨርስ እጃቸው እንደገና ተዘርግቷል።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላሉ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራ ልንጀምር፣ ከወዲሁ እንጣላ እንዴ?»

ቲጂ የመጀመሪያውን ገና አልዋጠችም። አፏን ግን ትከፍታለች።