ለእማዬ ተኛሁላት

ለእማዬ ተኛሁላት! የሷን እንቅልፍ፣ እኔ፣ በገዛ ዓይኔ። ቆይ ልንገራችሁ።

ሰው እንቅልፉን እንደ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ከቻለ ወዲህ እማዬ እንደዘጋችው ነው። ቬሎ ሰፊ ናት፣ የሰርግ ወቅት ሲሆን ጭራሽ አትከፍተውም። ዛሬ ግን የቬሎው ሐር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ሙሽራዋ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ፣ መቀስ የያዘው የእማዬ እጅ በእንቅልፍ እጦት ይንቀጠቀጣል። ጨርቁን የገዛችው የሙሽራዋ እናት ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ሌላ የለም። እማዬ አንዴ አሳስታ ከቆረጠች አለቀ።

እማዬ መቀሱን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ሙሽራዋ ጥፍሯን ትበላለች።

ሰው ለሰው መተኛት እንደሚችል ታውቃላችሁ አይደል? መዳፍ ለመዳፍ ገጥሞ ድካሙን መቀበል ነው። እማዬ ግን ከኔ ተቀብላም ለኔ ሰጥታም አታውቅም፣ ልጅ የራሷን ትተኛ ባይ ናት። እኔ ደግሞ ሄጄ እጇን ለቀም።

«ተይ አንቺ ልጅ፣ የስንት ሌሊት ነው እኮ፣ ይከብድሻል።»

«እማ፣ በመተኛትማ ማን ይችለኛል?»

ሙሽራዋ ሳቀች። እማዬም ሳታስበው ሳቀችና ተሸነፈች። እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ድፍት።

ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ለካ ሕልሙም አብሮ ይመጣል! እማዬ ፀጉሯን ፈታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወንዝ ውስጥ ውሃ እየተረጨች ትስቃለች። ሆዷን ይዛ፣ እስክትወድቅ። እንደዛ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። መርፌ የለ፣ ሙሽራ የለ። እኔም የለሁም። ትንሽ ከፋኝ። ግን እንዴት እንደምታምር ብታዩዋት! ዳር ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳያት ቆየሁ።

ስነቃ ሐሩ ተቆርጧል፤ አንድም ቦታ አልተንሻፈፈም። ሙሽራዋ ጫፉን ጉንጯ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። የእማዬ እጅ ደግሞ ጸጥ ብሏል፣ ዓይኗ ቦግ ብሏል፣ እንደዚህ አይነት እጅ ያላት ሴት እናቴ ናት እኮ!

«ምን አየሽ?» ትለኛለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

ብነግራት፣ እኔ እንደሌለሁበት ታውቅና ይጸጽታታል። ዝም ብል፣ ያንን ሁሉ ሳቅ ወሰድኩባት ማለት ነው። ቀና ብላ እያየችኝ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?